ምዕራፍ ሰባት፦ የደጋ ሰው ዘረመል፣ የአይጥ ልብ

ከመሐል ሜዳ ወደ ጓሳ የሚወጣ የቆላ ሰው ጥቂት እንደተራመደ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። የጓሳ አምባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍ ያለ ነው። እዚያ ያለው አየር እንደ ማንኛውም አየር ከመቶ 21 እጁ ኦክስጅን ነው። የአየሩ ግፊት ግን በ3,500 ሜትር ላይ በባሕር ጠለል ካለው ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ በአንድ ትንፋሽ ወደ ሳንባ የሚገባው ኦክስጅን በዚያው ልክ ይቀንሳል። የመንዝና የግሼ ገበሬ ግን በዚሁ አየር ገብስ ያርሳል፣ በግ ያግዳል፣ ጭነት ተሸክሞ አቀበት ይወጣል፣ ልጅ ወልዶ ያሳድጋል።

ሰውነቱ ይህን እንዴት ቻለው? ጥያቄው የሚያስጨንቀው የመንዝን ሰው ብቻ አይደለም። የልብ ድካም ያለበት፣ ሳንባው የታመመ፣ አንጎሉ ውስጥ ደም የተቋረጠበት ሰው ሁሉ የሚሰቃየው በኦክስጅን እጥረት ነው። በእጥረቱ ውስጥ ጤነኛ ሆኖ የሚኖር ሕዝብ ደግሞ መድኃኒት ፈላጊ ሁሉ ሊማርበት የሚገባ ሕዝብ ነው። ይህ ምዕራፍ ትምህርቱ ከደጋው ሰው ደም ተነሥቶ ወደ ላቦራቶሪ አይጥ እንዴት እንደሄደ፣ ከዚያም አንድ የኢትዮጵያ ተመራማሪ ሥራውን ለመቀጠል ቢነሣ የሚያስፈልገውን የአይጥ ዘረመል ክሎን ከየት አግኝቶ እንዴት እንደሚያስመጣ ይናገራል። ከአዋጆቹ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በ2002 ሲንቲያ ቢል የተባሉት አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስት ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ሐኪም ከአምሃ ገብረ መድኅንና ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር አንድ ጥናት አወጡ። በሰሜን ተራሮች አምባራስ ላይ፣ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መርምረው ነበር። ከፍታው ከጓሳ ጋር እኩል መሆኑን ልብ ይሏል። ያገኙት ውጤት ያልተጠበቀ ነበር። በደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራሮች የሚኖር ሰው ለኦክስጅን እጥረት ሄሞግሎቢኑን በማብዛት ይመልሳል፤ ደሙ ይወፍራል፣ አንዳንዱም በዚሁ ይታመማል። የቲቤት ሰው ሄሞግሎቢኑ ባይበዛም በደሙ የተሸከመው ኦክስጅን ዝቅ ያለ ነው። የአምባራስ ሰዎች ከሁለቱም አልሆኑም። የወንዶቹ ሄሞግሎቢን በአማካይ 15.9፣ የሴቶቹ 15.0 ግራም በዴሲሊትር፤ በኦክስጅን የተሞላው የሄሞግሎቢናቸው መጠን ደግሞ ከመቶ 95.3 ሆኖ ተገኘ። በዚያ ከፍታ ቆመው ደማቸው ባሕር ዳር ከሚኖር ጤነኛ ሰው ደም ብዙም አይለይም ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ምስጢሩን በዲኤንኤ ውስጥ መፈለግ ተጀመረ። በ2014 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ዲዬጎ የሚሠራ ቡድን ከባሌና ከሰሜን ተራሮች፣ በ3,500 ሜትር ላይ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን ሙሉ ጂኖም አንብቦ በ19ኛው ክሮሞዞም ላይ የተፈጥሮ ምርጫ አሻራ ያረፈበትን ቦታ አሳየ። በቦታው ስምንት ዘረመሎች ነበሩ። የትኛው ሥራ እንዳለው ለመለየት በፍራፍሬ ዝንብ አቻ ያላቸውን በዝንቧ ላይ ፈተኑና፣ ሦስቱ ዝንቧ ኦክስጅን ባነሰበት አየር የመትረፍ ዕድሏን እንደሚለውጡ አገኙ። በ2015 ያው ቡድን ከዝንብ ወደ አይጥ ተሻገረ። በኢትዮጵያውያን ጂኖም ያገኙት ሌላ እጩ ዘረመል ኢዲኤንአርቢ የሚባለው ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ይህን ዘረመል ማወቅ ይገባል። ኢንዶቴሊን የሚባል፣ በሰውነታችን ውስጥ የሚመረት፣ የደም ሥርን አጥብቆ የሚያኮማትር ንጥረ ነገር አለ። ይህን መልእክት የሚቀበሉ ሁለት ዓይነት ተቀባይ ፕሮቲኖች አሉ፤ ‘ኤ’ እና ‘ቢ’ ይባላሉ። ኢዲኤንአርቢ የ‘ቢ’ው ተቀባይ መሥሪያ ነው። ሥራው ግን በደም ሥር አይወሰንም፤ ፅንስ ሲፈጠር የቆዳ ቀለም የሚሰጡትንና የአንጀት ነርቭ የሚሆኑትን ሕዋሳት ወደ ቦታቸው ይመራል። ስለዚህ ሁለቱም ቅጂዎቹ የተበላሹባት አይጥ ቡራቡሬ ሆና ትወለዳለች፣ አንጀቷ ነርቭ አጥቶ ይነፋል፣ ብዙም ሳትቆይ ትሞታለች። በሰውም ተመሳሳይ የአንጀት ሕመም አለ። የአይጥ አርቢዎች ያቺን ቡራቡሬ ዘር የዘረመሉን ማንነት ከማወቃቸው ብዙ ዓመት በፊት ያውቋት ነበር፤ ጉድለቱ በዚህ ዘረመል ላይ እንደሆነ የታወቀው በ1994 ነው።

የሳን ዲዬጎው ቡድን ከሁለቱ ቅጂዎች አንዱ ብቻ የጠፋባቸውን አይጦች ወሰደ። እነዚህ አንጀታቸው ደኅና ነው፣ ይራባሉ። ኦክስጅኑን እየቀነሱ ልባቸውን መዘኑ። በአየሩ ያለው ኦክስጅን ወደ ከመቶ 5 እጅ ብቻ ሲወርድ፣ ይህም በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በኤቨረስት ጫፍ ካለው እንኳ ያነሰ ነው ማለት ነው፣ ተራዎቹ አይጦች ሲዳከሙ የነዚህ ልብ ደም መርጨቱን ቀጠለ። ወደ አንጎል፣ ወደ ልብና ወደ ኩላሊት የሚደርሰው ኦክስጅን በዛ፤ የድካም ምልክት የሆነው ላክቴት በደማቸው አነሰ። የ‘ቢ’ው ተቀባይ ማነስ ልብን በኦክስጅን ችጋር ጊዜ የሚጠብቅ ሆኖ ተገኘ። ከኢትዮጵያ ደጋ ሰው ጂኖም የተነሣ ጥርጣሬ በአይጥ ልብ ላይ ተፈትኖ ቆመ። በበኩሌ ይህን ያህል የሚያስደንቀኝ የአገራችን የሳይንስ ታሪክ ጥቂት ነው፤ በትምህርት ቤቶቻችን አለመነገሩም ያሳዝነኛል።

ለምን አይጥ? የአይጥ ጂኖም ንባብ በ2002 መጨረሻ ሲወጣ ከዘረመሎቿ 80 በመቶ ያህሉ በሰው ጂኖም ውስጥ አንድ ለአንድ አቻ እንዳላቸው ታየ። በዚያ ላይ ቶሎ ትወልዳለች፣ በትንሽ ቦታ ትኖራለች፣ ዘረመሏን እንደተፈለገ መለወጥ ይቻላል።

አሁን በደብረ ብርሃን አንዲት ወጣት ተመራማሪ አለች እንበል። የተቀባዩን ፕሮቲን በሕዋስ ውስጥ አሠርታ ኦክስጅን ሲቀንስ ምን እንደሚሆን ማየት ትፈልጋለች። ለዚህ አይጧ አታስፈልጋትም፤ የሚያስፈልጋት የአይጧ ዘረመል ክሎን ነው። ክሎን ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በጓን ዶሊን ነው። እዚህ ጉዳያችን ሌላ ነው። አንድ የዲኤንኤ ቁራጭ ፕላስሚድ በሚባል ክብ ዲኤንኤ ላይ ተሰክቶ ኢ. ኮላይ ወደሚባል ባክቴሪያ ይገባል። ባክቴሪያው በተባዛ ቁጥር ቁራጩም አብሮ ይባዛል። በአንድ ሌሊት ከአንድ ባክቴሪያ እልፍ አእላፍ፣ ከአንድ ቁራጭም ያንኑ ያህል ቅጂ ይገኛል። ክሎን የሚባለው ይህ ነው።

ቁራጩ ግን ከሁለት ዓይነት አንዱ ሊሆን ይችላል፤ ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተውም እዚህ ነው። ዘረመል በክሮሞዞም ላይ ተጽፎ የሚገኘው ፕሮቲን የሚሠሩት ክፍሎች በረጃጅም ሌላ ጽሑፍ ተቆራርጠው ነው። ሕዋሱ መልእክተኛ አርኤንኤ ሲሠራ ይህን ትርፍ ጽሑፍ ቆርጦ ይጥላል፤ ከአውድማ የወጣ ገብስ በነፋስ ተዘርቶ ገለባው ሲሄድ ፍሬው እንደሚቀር። ሳይንቲስቶች ያንን የተበጠረ አርኤንኤ መልሰው ወደ ዲኤንኤ ሲገለብጡት ሲዲኤንኤ ይሉታል። የኢዲኤንአርቢ ፕሮቲን 442 አሚኖ አሲድ ነው፤ ስለዚህ ፕሮቲኑን የሚጽፈው ሲዲኤንኤ ከማቆሚያው ጋር 1,329 ፊደል ብቻ ነው። በፕላስሚድ ላይ በቀላሉ ይሰካል፤ ፕሮቲን ለማሠራት የሚፈለገውም ይኸው ነው። ዘረመሉን ማን እንደሚያዝዘው፣ መቼ እንደሚከፈትና እንደሚዘጋ ማወቅ የፈለገ ግን ገለባውም ያስፈልገዋል። ለእሱ የሚሆነው ባክ የሚባለው ትልቅ ክሎን ሲሆን እስከ 200,000 ፊደል ገደማ የክሮሞዞም ቁራጭ ይሸከማል። የአይጥ ጂኖም ሲነበብ ያገለገሉት የባክ ስብስቦች ሲ57ብላክ6 ከምትባለው ጥቁር የላቦራቶሪ አይጥ ዘር የተሠሩ ናቸው።

ፍለጋው የሚጀምረው በስም ነው። በአሜሪካ ሜይን ግዛት በ1929 የተቋቋመው ጃክሰን ላቦራቶሪ የአይጥ ዘረመሎችን መዝገብ ይይዛል፤ ለማንም ክፍት ነው። የዘረመሉ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ የሰው ከሆነ ሁሉም ፊደል ትልቅ ነው፤ የአይጥ ከሆነ የመጀመሪያው ብቻ። ይህን ትንሽ ልዩነት ሳያስተውል የሰውን ክሎን አዝዞ የአይጥ መስሎት ወራት የሚሠራ ተማሪ አለ። ደግሞ ዘረመሉ የቀድሞ ስሞች አሉት። በቡራቡሬዋ አይጥ ዘመን በአንዲት የላቲን ፊደል ብቻ ይጠራ ስለነበር የቆዩ ጽሑፎች በዛሬው ስሙ ሲፈለጉ አይገኙም። እህቱ የ‘ኤ’ው ተቀባይ ደግሞ በመልክም በስምም ቅርቡ ናት፤ በአንዲት ፊደል ስሕተት እሷ ትመጣለች። ስለዚህ ተመራማሪዋ ስሙን ብቻ ይዛ አትሄድም፤ ዘረመሉ በአይጥ በ14ኛው፣ በሰው በ13ኛው ክሮሞዞም ላይ መሆኑን አይታ፣ የታወቀውን ሙሉ ቅደም ተከተል ከመዝገብ አውጥታ፣ ክሎኖችን የምታወዳድረው ከዚያ ጋር ነው።

ክሎኖቹ ዛሬ የሚገኙት ሰዎች አስበው በአንድ ቦታ ስላከማቹላት ነው። በ1993 በአሜሪካ ሎረንስ ሊቨርሞር ላቦራቶሪ አካባቢ ኢሜጅ የሚባል ማኅበር ተቋቋመ። የሰውና የአይጥ ሲዲኤንኤ ክሎኖችን 384 ጉድጓድ ባላቸው ሳህኖች ደርድሮ፣ ለእያንዳንዱ ቁጥር ሰጥቶ፣ ለዓለም ሁሉ ማከፋፈል ጀመረ። ሐሳቡ ቀላልና ቸር ነበር፦ ሁሉም ሰው በአንድ ክሎን ላይ ከሠራ፣ የሁሉም ውጤት በአንድ ላይ ይደመራል። ጃፓን በበኩሏ በሪከን ተቋሟ የአይጥን ሲዲኤንኤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሙሉውን የመሰብሰብ ሥራ ያዘች፤ በ2002 ብቻ 60,770 ክሎኖችን አስታወቀች። በቀጣዩ ዓመት ሪከን ያደረገው ነገር ለእኔ ከሁሉ የሚያምረው ነው። ክሎኖቹን በውኃ በሚሟሟ ወረቀት ላይ በነጠብጣብ አትሞ መጽሐፍ አድርጎ ጠረዛቸው። አንባቢው የሚፈልገውን ዘረመል ነጥብ ከገጹ ቆርጦ በውኃ አሟሙቶ፣ ፒሲአር በሚባለው የማባዣ ዘዴ በሁለት ሰዓት ውስጥ በብዛት ያገኘዋል። ወረቀቱ ሙቀትና እርጥበት ይችላል፤ ማቀዝቀዣ አይፈልግም። መብራት በሚጠፋበት አገር ለምንሠራ ሰዎች ይህ ምን ማለት እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

በ2004 ደግሞ በቦስተን አጠገብ አድጂን የተባለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ተመሠረተ። አንድ ተመራማሪ የሠራውን ፕላስሚድ እዚያ ያስቀምጣል፤ ሌላው በመጠነኛ ክፍያ ከዚያ ይወስዳል። ቀድሞ ክሎን የሚገኘው ለሠራው ሰው ደብዳቤ በመጻፍ ነበር። ሰውዬው ጡረታ ከወጣ፣ ተማሪው ከሄደ፣ ማቀዝቀዣው ከተበላሸ ክሎኑም አብሮ ይጠፋል። አሁንም ከግለሰብ ላቦራቶሪ መጠየቅ አለ፤ ግን ዩኒቨርሲቲዎቹ የዕቃ ማስተላለፊያ ውል ይፈራረማሉ፤ ከሳይንሱ ይልቅ ፊርማው ብዙ ጊዜ ይፈጃል። ሌላም መንገድ ተከፍቷል። 1,329 ፊደል ያለውን ጽሑፍ ለአንድ የማምረቻ ኩባንያ ልኮ ዲኤንኤውን ከአዲስ ማሠራት ይቻላል። ለአጭር ሲዲኤንኤ ዛሬ ይህ ክሎን ፈልጎ ከማግኘት ይልቅ ብዙ ጊዜ ይቀላል። ለባክ ግን አይሆንም፤ በጣም ረጅም ነውና።

ወደ አገር ስለማስገባት ሕጉን ማወቅ ግድ ነው። የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 እና ማሻሻያው ቁጥር 896/2007 ዘረመላቸው የተለወጠ ሕያዋን ነገሮችን ይመለከታሉ። ክሎን የተሸከመ ባክቴሪያ ሕያው ነው፤ በቱቦ የደረቀ ዲኤንኤ ግን ሕይወት የለውም። ስለዚህ ተመራማሪዋ ከማዘዝዋ በፊት ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ጠይቃ ፈቃዷን ብትይዝ፣ ከተቻለም ክሎኑን በንጹሕ ዲኤንኤ መልክ ብታስመጣ ዕቃዋ ጉምሩክ ላይ ቆሞ አይበላሽባትም። በተቃራኒው ደግሞ ከአገር የሚወጣ የዘር ሀብት በአዋጅ ቁጥር 482/1998 ይተዳደራል። ወደዚህ ኋላ እመለሳለሁ።

ክሎኑ በባክቴሪያ መልክ ሲመጣ የጣት ቁመት በማትሞላ ቱቦ ውስጥ ነው። በውስጡ እንደ ገንፎ የረጋ አጋር አለ፤ ባክቴሪያው በመርፌ ተወግቶ የተተከለበት መስመር በዓይን ይታያል። ተመራማሪዋ የተቃጠለና የቀዘቀዘ የሽቦ ቀለበት ወደ መስመሩ አስገብታ፣ አምፒሲሊን በገባበት የአጋር ሳህን ላይ በዚግዛግ ትስላለች። አምፒሲሊኑ ፕላስሚድ የሌለውን ባክቴሪያ ይገድላል። በ37 ዲግሪ ካደረ በኋላ መስመሩ መጀመሪያ ላይ ጥቅጥቅ ብሎ፣ መጨረሻው ላይ ለየብቻቸው የቆሙ ክብ ነጫጭ ነጠብጣቦች ይታያሉ። የምታነሣው ከብቸኞቹ አንዱን ነው፤ እያንዳንዱ ነጠብጣብ የአንድ ባክቴሪያ ዘር ነውና። ሳህኑ ከልክ በላይ ከቆየ በትልቁ ነጠብጣብ ዙሪያ ጥቃቅን ተከታዮች ይበቅላሉ። ትልቁ መድኃኒቱን ስላፈረሰው በጥላው የተረፉ ባዶ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ እነሱን ያነሣ ሰው ፕላስሚድ አያገኝም።

በደጋ አገር አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ፤ ከውጭ የመጡ መመሪያዎች ብዙ ጊዜ አይጽፉትም። አጋሩ አውቶክሌቭ በሚባል የእንፋሎት ግፊት ድስት በ121 ዲግሪ መቀቀል አለበት። መመሪያው ‘የግፊት መለኪያው 15 ፒኤስአይ ሲደርስ’ ይላል። መለኪያው ግን የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ነው፤ የደብረ ብርሃን አየር ደግሞ በ2,800 ሜትር ገደማ ቀላል ነው። እዚያ 15 ላይ ያቆመ ሰው ድስቱ ውስጥ ያገኘው 116 ዲግሪ ያህል ነው፤ 121 ለመድረስ መለኪያው ወደ 19 መውጣት አለበት። ብርቱ የባክቴሪያ ዘር ከ116 ተርፎ ሳህኑን ሲያበላሽ ጥፋቱ በክሎኑ ላይ ይለጠፋል። ግፊቱን ትቶ የሙቀት መለኪያን ማመን ይሻላል።

አሁን ከሁሉ የሚበልጠው ሥራ ቀረ፤ የመጣው ክሎን የታዘዘው መሆኑን ማረጋገጥ። በ2001 የሚሺጋን ተመራማሪዎች ከኢሜጅ ስብስብ 1,189 ክሎኖችን ወስደው ሲያነቡ፣ ሳይበከሉ የተገኙትና በትክክል የታዘዘውን ዘረመል የያዙት 62 በመቶ ብቻ ሆነው አገኟቸው። ክሎኖቹ ከሳህን ወደ ሳህን ሲገለበጡ ተቀላቅለው ነበር። ዛሬ ስብስቦቹ እጅግ ተሻሽለዋል፤ ቢሆንም ክሎኑን ሳያነብ ሙከራ የሚጀምር ሰው ገና ሳይዘራ የዘሩን ዓይነት የረሳ ገበሬ ይሆናል ብል አላጋነንኩም። ፕላስሚዱን ከባክቴሪያው አውጥታ በመቁረጫ ኢንዛይም ትቆርጠዋለች፤ ቁራጮቹ በጄል ላይ በተጠበቀው ርዝመት ካረፉ አንድ ምልክት ነው። ከዚያ ናሙናውን ለንባብ ልካ 1,329ኙን ፊደል ከመዝገቡ ጋር ፊደል በፊደል ታወዳድራለች። አንዲት ፊደል ብትለወጥ የአሚኖ አሲዱን ዓይነት ለውጣ እንደሆነ ማየት አለባት። ፊደል ተለውጦ አሚኖ አሲዱ ያው የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነውና ልዩነት ሁሉ ጥፋት አይደለም።

የተረጋገጠ ክሎን በእጅ ከያዙ ወዲያ ያለው መንገድ ሰፊ ነው፤ እኔ ግን ወደ ጓሳ ልመለስ። በጓሳ ሣር ሥር የሚርመሰመሱት አይጦች የላቦራቶሪዋ አይጥ ዘሮች አይደሉም። የሐበሻ የሣር አይጥ የሚባለው ዓይነት በዚያ በብዛት አለ፤ ቀይ ቀበሮም የሚኖረው በእሱና በመሰሎቹ ነው። እነዚህ አይጦች በ3,500 ሜትር ተወልደው፣ በ3,500 ሜትር ተራብተው፣ ትውልዳቸው ሲቆጠር የሰው ልጅ ደጋ ከወጣ ወዲህ ካሳለፈው ትውልድ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ነው። የደጋው ሰው ልቡን የሚጠብቅበትን መንገድ ተፈጥሮ በእነሱም ላይ ሞክራው ይሆን? የኢዲኤንአርቢያቸው 1,329 ፊደል ከላቦራቶሪዋ አይጥ በየትኛው ይለያል? የዘረመሉስ ትእዛዝ በልባቸው ውስጥ ያነሰ ነው ወይስ የበዛ?

ይህን ለመጠየቅ የላቦራቶሪ አይጥ ክሎን መንገድ ጠራጊ ነው። ተመራማሪዋ በተረጋገጠው ክሎን ላይ፣ በሰውም በአይጥም ያልተለወጡትን ቦታዎች መርጣ ፕራይመር የሚባሉ አጫጭር የዲኤንኤ ቁራጮች ታሠራለች፤ በእነሱም የጓሳውን አይጥ ዘረመል በፒሲአር ታወጣለች። ክሎኑ በየሙከራው አብሮ ይገባል፤ እሱ ሠርቶ የጓሳው ናሙና እምቢ ካለ ጥፋቱ የናሙናው ወይም የፕራይመሮቹ ነው፤ ክሎኑም እምቢ ካለ የድብልቁ ነው። ለማነጻጸሪያ ሩቅ መሄድ አያስፈልጋትም። ከመንዝ አፋፍ ወደ ጀማ ሸለቆ ሲወረድና ወደ መርሐቤቴ፣ ወደ ዓለም ከተማ ሲሻገሩ ከፍታው ከሺህ ሜትር በላይ ይዋዥቃል፤ የሣር አይጥ የቅርብ ዘመዶች በዝቅተኛውም አገር አሉ። አፋፉ ላይ ያሉት በአንድ ዓይነት ፊደል፣ ሸለቆው ውስጥ ያሉት በሌላ ቢገኙ መረጃው ከባድ ሚዛን ያነሣል።

ናሙናው ከጓሳ ሲወሰድ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 482/1998 ይመጣል። የዘር ሀብቱ የአገር ነው፤ ስለእሱ ያለው እውቀት ደግሞ የማኅበረሰቡ። ፈቃዱ የሚጠየቀው ከኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። ጓሳን ግን ሕግ ከመጻፉ ከዘመናት በፊት የጠበቁት የመንዝ ሰዎች ራሳቸው ናቸው፤ በቀሮ ሥርዓታቸው ሣሩ የሚታጨድበትን ጊዜ እየወሰኑ፣ በማይታጨድበት ጊዜ እየዘጉ። ስለዚህ ወጥመድ ይዛ የምትወጣ ተመራማሪ ከወረቀቱ ፈቃድ በተጨማሪ ከአምባው ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጣ ለምን አይጥ እንደምትይዝ፣ ስንት እንደምትይዝ፣ ያገኘችውን ለማን እንደምትነግር ማስረዳት አለባት። ውጤቱንም መጀመሪያ መስማት የሚገባቸው እነሱ ናቸው። በሚቀጥለው ምዕራፍ ናሙናው ከወጥመዱ ወጥቶ ወደ ቱቦው የሚገባበትን መንገድ እናያለን፤ ከጓሳ ብርድ እስከ ላቦራቶሪው ማቀዝቀዣ ድረስ አርኤንኤ ሳይበላሽ እንዴት እንደሚደርስ።